ሲሄድ ነበር ወይስ ሲመጣ?

ኤልደን ሃውግን ከሐይቁ ያወጡት ማለዳ ላይ ነው። ቅንድቡ ላይ የጋገረው በረዶ ቀልጦ ሲወርድ የሚያለቅስ ይመስል ነበር። መኪናው ገና ውሃው ውስጥ ነው፤ ሲሰምጥ ተገለባብጦ ስለነበር ጉዞው ወደ ደሴቲቱ ይሁን ወደ ከተማው ማንም መናገር አልቻለም።

መርማሪ ማርሊስ ቶለፍሰን ከአስከሬኑ ተነስታ ወደ ዛፎቹ ሄደች። ሱፒሪየር የተባለው የአሜሪካ ሐይቅ በክረምት ወደ በረዶ ሲረጋ መኪና ይነዳበታል፤ የደሴቲቱ ሰዎችም በዓሉ ያለፈባቸውን የገና ዛፎች መንገድ ጠቋሚ አድርገው በረዶው ላይ ይተክላሉ፤ በጭጋግ ቀን ሹፌር የሚያምነው እነሱን ብቻ ነው። መንገዱን መርጦ የሚተክላቸው ኤልደን ነበር። ከደሴቲቱ አጠገብ ያሉትን ዛፎች ማርሊስ ነካ ነካ አደረገቻቸው። አንዱ በአንድ እጇ ተነቅሎ ወጣ። ቀድሞ የቆሙባቸው ጉድጓዶች ራቅ ብለው ይታያሉ። አንድ ሰው መንገዱን፣ ጅረት ከሥሩ ወዳሳሳው በረዶ አዙሮታል።

የሟቹ ሚስት ኢንግሪድ ደሴቲቱ ላይ ባለው ቤታቸው ወጥ ቤት ቆማ የባሏን ልብሶች ካርቶን ውስጥ ትከት ነበር።

«ቸኮሉ» አለቻት ማርሊስ።

«ትቶኝ የሄደ ሰው ልብስ ምን ያደርግልኛል?»

«ትቶኝ ሄደ የሚሉት በምን አውቀው ነው?»

«ተጣላን። ከእንግዲህ ዛፍ እንዳትተክል፣ የማሬን ሞት አይበቃህም ወይ አልኩት። ቁልፉን አንስቶ ወጣ። ‹ሂድ!› አልኩት። መጋረጃውን ዘጋሁና አላየሁትም።» ኮቱን ደጋግማ አጠፈችው። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሲሞት እየሄደ ነበር ወይስ እየመጣ?»

«ገና አላወቅሁም።»

ማሬን የኤልደን ወንድም የዌንደል ልጅ ነበረች። ካቻምና ክረምት አጎቷ «ደህና ነው» ባለው መንገድ ላይ በረዶው ተከፍቶ ዋጣት። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ ሲገናኙ ስለ አየሩ ብቻ ነበር የሚያወሩት።

ዌንደል በደሴቲቱ ዳር፣ በጀልባ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ነበር።

«ወንድሜ ትናንት ከቀትር ጀምሮ እኔ ጋ ነበር» አለ። «ሊመሽ ሲል መኪናው ውስጥ ገባ። ‹ወደ ከተማ ነኝ፣ አልመለስም› አለ። እዚህ ቆሜ ‹አትሂድ!› ብዬ ጮህኩ።»

«አልሰማዎትም?»

«ቢሰማማ ኖሮ…»

አልጨረሰውም።

ክሊተስ የሚባሉት ጡረተኛ ፖስተኛ ከዚያ ብዙም ሳይርቁ በረዶ ሸንቁረው ዓሣ ያጠምዳሉ።

«ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ነው ጡረታ የወጣው» አሏት። «ሚስቴ በሕይወት ሳለች ብዙ ጠቅሞኛል።»

«ታዲያ ትናንት ምንም አልሰሙም?»

«በጭጋጉ ምንም አላየሁም፤ ጩኸትማ ሰማሁ። ከጀልባ ቤቱ በኩል። ቃሉን አልያዝኩትም እንጂ።»

«ምን ዓይነት ጩኸት ነው?»

«ቁርጥ ያለ። መጨረሻው ግጥም ይላል፣ በር እንደሚዘጋ። ደግሞ ጮኸ፤ ያም ግጥም አለ።»

ማርሊስ ወደ ባዶው ሐይቅ ዞረችና ሁለት ቃላት እያፈራረቀች ደጋግማ ጮኸች። ሽማግሌው ከወንበራቸው ሆነው ታዘቧት።

«ልጄ፣ ዓሣዎቼን አባረርሻቸው።»

ከሰዓት በኋላ ማርሊስ ሦስቱንም በኢንግሪድ ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ዛፎቹ ተነቅለው ሌላ ቦታ ቆመዋል» ብላ ጀመረች። «ኤልደን ከደሴቲቱ ሲወጣ ሞተ ከተባለ፣ የተከላቸው ራሱ ነውና ተናድዶ ያደረገው ይመስላል። ሲመለስ ከሞተ ግን እሱ ሳይኖር ያዛወራቸው ሰው አለ። ነገሩ ሁሉ በዚህ ላይ ቆሟል። ዌንደል፣ ‹አትሂድ› ብዬ ጮህኩ አሉኝ። አይደለም?»

«ብያለሁ።»

«በቋንቋችን በእንግሊዝኛ ‹ሂድ› ማለት ‹ጎ› ነው፤ ‹አትሂድ›ም የሚያልቀው በዚሁ ቃል ነው። ሲጮሁት አፍ ተከፍቶ ይቀራል፤ ድምፁ እየተሳበ ይርቃል። ክሊተስ የሰሙት ግን ከንፈር ሲገጥም ነው። ‹ና› ስንል ‹ካም› እንላለን፤ መጨረሻው ከንፈር ይዘጋል። የጮኹት ‹አትምጣ› ብለው ነው።»

«የደነቆረ ሰው ምስክር ይሆናል?» አለ ዌንደል።

«ቃሉን ሳይሆን አፍህን ነው የሰማሁት» አሉ ክሊተስ።

ማርሊስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሁለቱም ቃላት መንገድ ላይ ያለን ሰው ነው የሚናገሩት። ልዩነቱ ተናጋሪው የቆመበት ነው። ከእኔ የሚርቅ ይሄዳል፣ ወደ እኔ የሚቀርብ ይመጣል። ‹አትምጣ› የሚባለው ወደ እኛ ለሚመጣ ነው። ደግሞስ፣ በዛፍ በተከለለ መንገድ ወደ ቤቱ የሚመለስን ወንድም ማን አትምጣ ይለዋል? ዛፎቹ ወዴት እንደሚወስዱት የሚያውቅ ብቻ።»

ዌንደል እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው፤ መዳፎቹን የጥድ ቅጠል ጫጭሯቸው ነበር።

«ሲወጣ አየሁትና ነቀልኳቸው» አለ። «ማሬን የቀመሰችውን ይቅመስ ብዬ። ከዚያ መብራቱን ጭጋጉ ውስጥ ሳየው… ለእሷ ማንም አልጮኸላትም። አትምጣ፣ ኤልደን፣ አትምጣ አልኩት።»

«ምን አደረገ?» አለች ኢንግሪድ።

ዌንደል ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«መብራቱን አጥፍቶ አበራልኝ። ሰላም ያልኩት መስሎት።»

ማርሊስ ዌንደልን ይዛ ወጣች። ክሊተስም ኮፍያቸውን አንስተው ተከተሉ።

ኢንግሪድ ካርቶኑን ፈታች። ከታች ያለውን ኮት አወጣችና እጥፋቱን በመዳፏ አለሰለሰችው፤ ከዚያ በሩ አጠገብ ባለው ሚስማር ላይ፣ ከውጭ የሚገባ ሰው በቀላሉ በሚያገኘው ቦታ፣ መልሳ ሰቀለችው።