ለፍልሰታ ደጅ የቆሙት ሴት

ወይዘሮ ትብለጽ እሪ በከንቱ ሰፈር ከሚገኘው ቤታቸው የእንጨት ደረጃ ሥር ሞተው ተገኙ። የስልሳ ስምንት ዓመቷ ሴት ቀሚስ ከወገብ በታች በደም ርሷል። ጎረቤቱ ፍርዱን ጨርሷል፤ ያሳደጓት ልጃቸው ሉዋም ቤቱን ለመውረስ ገፍትራ ገደለቻቸው። ለካቴናው የቀረው የኢንስፔክተር እፀገነት ቃል ብቻ ነበር።

እፀገነት አስከሬኑን አየች። ክንዳቸው አዲስም አሮጌም ብልዝ አለበት። የመፋቂያቸው ጫፍ ቀልቷል።

የወንድማቸው ልጅ አርአያ ቀድሞ አፉን ከፈተ።

«እኔ ለጾሙ በሶ አምጥቼላት ከሄድኩ ወዲህ እዚህ ቤት አልረገጥኩም። ይልቅ ሉዋምን ጠይቋት፤ አክስቴ ሰሞኑን ሁሉ ስትደማ ሐኪም ቤት ያልወሰደቻት ለምንድን ነው?»

«ስትደማ?» አለች ሉዋም ደንግጣ። «እኔን ጉልበቴን አመመኝ ነው ያለችኝ!»

እፀገነት የሁለቱንም ቃል ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ተከራዩ አዛውንት አቶ ካላዩ ግን ሌላ ነገር ከንክኗቸዋል። «ልጄ፣ እትዬ ትብለጽ ፍልሰታን ሳይቆርቡ ቀርተው አያውቁም። ዘንድሮ ጊዮርጊስ ደጅ፣ ከወጣት ሴቶች ጋር ዝናብ ሲመታቸው አየሁ። ከንስሐ አባታቸው የተጣሉ መስሎኝ ነበር።»

እፀገነት ጓዳ ገባች። ከበሶው ዕቃ ጀርባ አይጦች ሞተዋል፤ አፍንጫቸው ላይ ደም ደርቋል። በሶውን ለምርመራ ላከችው። ውጤቱ ሲመጣ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሴት አደፍ ላይ ስትሆን ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ደጅ ትቆማለች። ወይዘሮ ትብለጽ ግን የወር አበባ ካቆሙ ዘመን የለውም። ደጅ የቆሙት ደም ተመልሶ ስለመጣባቸው ነው። ስለዚህ ደሙ ከመውደቃቸው በፊት የነበረ ነው።»

«ታመው ነበር ማለት ነው?» አሉ አቶ ካላዩ።

«አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ማሕፀናቸው ውስጥ ዕጢም ቁስልም አላገኘም። ድዳቸውም ይደማ ነበር፤ ገላቸውም በትንሽ በትልቁ ይበልዛል። ደማቸው መርጋት አቅቶታል። በሶው ውስጥ የአይጥ መርዝ ነበር፤ ደም እያፈሰሰ የሚገድል ዓይነት። ከደረጃው የወደቁት ደማቸው አልቆ፣ አቅም አጥተው ነው።»

«መርዙን ሉዋም ጨምራው ቢሆንስ?» አለ አርአያ።

«አብራቸው የምትኖረው ሉዋም መድማታቸውን አላወቀችም። ለሴት ልጃቸው ለመናገር ያፈሩትን፣ አንተ እዚህ ሳትደርስ በምን አወቅህ? መርዙ ምን እንደሚያደርግ ስለምታውቅ ነዋ! ሉዋም ብትታሰር ቤቱ ያንተ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ አርአያ።»

ካቴናው አርአያ እጅ ላይ ገባ። ደረጃው እየተንቋቋ ፖሊሶች ይዘውት ወረዱ።

ሉዋም የእናቷን ጃንጥላ አቅፋ ቀረች። «ኢንስፔክተር፣ ያኔውኑ ብትነግረኝ ትድን ነበር?»

እፀገነት መዋሸት አማራት። የመርዙ ማርከሻ መድኃኒት ግን ፒያሳ ፋርማሲ ውስጥ፣ ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ ነበር።

«አዎ» አለቻት።