ዌንደል ያለው ቁጥር

ኳሷ በዌንደል ኮልበርት እግሮች መሃል ወደ ኋላ ተፈተለከችና አሥራ አራት ሜትር ርቆ ከተወጠረው መረብ ጋር ተላተመች። ያረፈችው መረቡ ላይ በነጭ ፕላስተር ከተከለለችው አራት ማዕዘን ውስጥ ነበር። ሊኔት ስልኳ ላይ የከፈተችውን ሰዓት አቆመችው።

«ስንት?» አለ አባቷ። ገና እንዳጎነበሰ ነው፤ ፊቱ በጉልበቶቹ መሃል ተገልብጦ ይታያል።

ስልኩ ዜሮ ነጥብ ሰባ ዘጠኝ ሴኮንድ ይላል።

«ሰባ ሁለት» አለች ሊኔት።

«ጥሩ ነው። አንድ ደግሞ።»

ጋራዡ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ድንች ጥብስ የምትበላው የክፍል ጓደኛዋ ጆዲ አንገቷን አስግጋ ስልኩን አየች። ከዚያ ሊኔትን አየች። ማኘኳን አቆመች።

በአሜሪካ ፉትቦል የዌንደል ሥራ ይኸው ነው። ኳሷ ከኋላ ርቆ ለቆመው መቺ መድረስ ሲኖርባት እሱ ያጎነብስና በእግሮቹ መሃል ይወረውርለታል። በአንድ ጨዋታ ስምንት ጊዜ፣ ቢበዛ አሥር። ደህና ሲወረውር ስሙን የሚያነሳ የለም፤ ከሳተ ግን አገር ያውቀዋል። ውርወራው ከዜሮ ነጥብ ሰባ አምስት ሴኮንድ በላይ ከወሰደበት ደግሞ የተጋጣሚ ሯጮች መቺው ላይ ይደርሱበታል። በአሥራ ሁለት ዓመት ስምንት ቡድን ቀያይሯል። ጃክሰንቪል አንድ ዓመት ተኩል ቆየ፣ ዴንቨር ሦስት ሳምንት፤ ቡፋሎ ሁለት ጊዜ ወስዶት ሁለት ጊዜ አሰናበተው። አዲስ ቡድን በገባ ቁጥር ስሙን ፕላስተር ላይ ጽፈው የራስ ቁሩ ላይ ይለጥፉለታል። ሲሰናበት ያቺን ፕላስተር ቀስ አድርጎ ይልጣትና ኦሃዮ፣ ቤቱ አምጥቶ ጋራዡ ውስጥ ያለው አሮጌ ፍሪጅ ላይ ይለጥፋታል። ፍሪጁ ከላይ እስከ ታች «ኮልበርት» ብቻ ሆኗል። አንዱ ላይ ስሙ ተሳስቶ ተጽፏል፤ እሱንም አልጣለውም።

ሊኔት እያየች ያደገችው ማክሰኞ ተሰናብቶ ረቡዕ ጠዋት መረቡ ፊት የሚያጎነብስ አባት ነው። ማንንም ሲያማ ሰምታው አታውቅም። የተካውን ልጅ እንኳ ስልክ ደውሎ፣ የዚያ ሜዳ ሣር ሲረጥብ እንዴት እንደሚያንሸራትት ነግሮታል።

ትምህርት ሊከፈት ሲል የመጨረሻው ቡድን አሰናበተው። በማግስቱ የመጀመሪያው ውርወራ ሰባ ስድስት ሆነ። ሊኔት ቁጥሩን ልትናገር ስትል፣ ወገቡን ይዞ በግድ ቀና ሲል አየችውና «ሰባ ሦስት» አለች። ፊቱ በራ። በነጋታው ሰባ ሰባት ገባ። ትናንት ሰባ ሦስት ያለች ልጅ እንዴት አድርጋ ሰባ ሰባት ትበል? እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ወር ሆነ።

የኩሽናው በር ተከፍቶ እናቷ አይዳ ስልክ ይዛ ወጣች። «ዌንደል፣ የሚፈልግህ ሰው አለ። አሰልጣኝ ነኝ ይላል።»

እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀበላት። አጥሩን ተከትሎ ወዲያ ወዲህ ሲል ድምፁ ይሰማል። «ወገቤ ደህና ነው… ሠላሳ ስድስት። አዎ፣ አርጅቻለሁ፤ አንተም ያኔ ፀጉር ነበረህ… ሰባ ሁለት። አሁን፣ ከአምስት ደቂቃ በፊት። በየቀኑ ይለካል።»

ጆዲ ወደ ሊኔት ተጠጋች። «ስሚ፣ እኔ ሒሳብ ላይ ቀሽም ነኝ። ግን ሰባ ዘጠኝና ሰባ ሁለት አንድ አይደሉም።»

«ዝም በይ።»

«ሰውዬውን እየሸወድሽው ነው እኮ።»

«እያበረታታሁት ነው።»

«እሺ፣ አንቺ አበረታቺው። የነሱ ሰዓት ግን ማበረታታት አይችልም።»

ዌንደል ተመለሰ። ጮክ ብሎ የሚደሰት ሰው አይደለም፤ ጆሮው ብቻ ቀላ። «ማክሰኞ ፒትስበርግ እሄዳለሁ። ወርዋሪያቸው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተጎድቶባቸዋል፤ ለእሁድ ሰው ይፈልጋሉ።»

«ስንት ሰው ጠሩ?» አለች አይዳ። ቡድኖች ማክሰኞ ተጫዋች ሲፈትኑ ሁሌ ሦስት አራት ሰው እንደሚጠሩ ታውቃለች።

«እኔን ብቻ። ሌሎች ሁለት ወርዋሪ ልጆች ሊጠራ ነበር፤ ተወው። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ዌንደል ያለው ቁጥር ቁጥር ነው። አንተ ሰባ ሁለት ካልክ ሌላ ሰው በከንቱ አላመላልስም።›»

አይዳ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ ሳቀች። ጆዲ የድንች ከረጢቷን አጣጠፈች። «ነገ ክፍል እንገናኝ» ብላ ሄደች።

ሊኔት ክፍሏ ገብታ የባዮሎጂ መጽሐፏን ገለጠች። ሰኞ ፈተና አለባት። አንድ ገጽ አራት ጊዜ አነበበችና ስልኳን አነሳች። ሰዓቱ የለካውን ሁሉ ቀን በቀን አስቀምጦታል። ስልኩ ለማንም አዝኖ አያውቅም።

ዝም ብትል ማክሰኞ ሰባ ዘጠኝ ይወረውራል፤ ምናልባት ሰማንያ። ወደ ቤቱ ይመልሱታል። መመለስ ለእሱ አዲስ ነገር አይደለም። በጉልበቱ ምክንያት ተመልሷል፣ በዕድሜው ተመልሷል፣ ያለ ምንም ምክንያትም ተመልሷል። ግን አሰልጣኞች እርስ በርስ ይደዋወላሉ። «ዌንደል ቁጥር ያሳምራል» የተባለ ዕለት፣ በስምንት ከተማ ሲያጎነብስ ያተረፈውን እምነት ትቀማዋለች። እነዚያ ያልተጠሩት ሁለት ልጆችም የሆነ ቦታ፣ የሆነ መረብ ፊት፣ ስልክ እየጠበቁ ይሆናል።

ጋራዥ ስትገባ ጫማዎቹን ቦርሳ ውስጥ እየደረደረ ነበር።

«አባ።»

«ያንን ፎጣ አቀብይኝ።»

አቀበለችው። «አባ፣ ሰባ ሁለት አይደለም።»

«ምኑ?»

«የዛሬው ሰባ ዘጠኝ ነበር። የትናንቱም እንደዚያው። ከተሰናበትክ ወዲህ አንድም ቀን ሰባ ሁለት አልገባህም። እኔ ነኝ እንደዚያ እያልኩ የነገርኩህ።»

ዌንደል አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ፎጣውን አጠፈው፣ ዘረጋው፣ እንደገና አጠፈው።

«ሰማንያ ያለፈበት ቀን አለ?»

«አራት ቀን።»

«የትኞቹ?»

«ብርድ የነበረባቸው።»

«ወገቤ ነዋ» አለ ለራሱ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ለምንድነው ግን?»

«ቀና ስትል ፊትህን አይቼ።»

«ፊቴን አልጠየቅኩሽም እኮ፣ ሊኔ። ሰዓቱን ነው የጠየቅኩሽ።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢቆጣት ይቀላት ነበር።

ስልኩን አውጥቶ ደወለና የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ የሚጠራው ድምፅ ጋራዡን ሞላው። ሊኔት በሩን አየች። መውጣት ትችል ነበር። አልወጣችም።

«አሰልጣኝ፣ ዌንደል ነኝ። ቅድም የነገርኩህ ቁጥር ልክ አይደለም። ሰባ ዘጠኝ ነው። እነዚያን ሁለት ልጆች ጥራቸው። እኔንም ማየት ከፈለግክ እመጣለሁ፤ ካልፈለግክም አልቀየምህም።»

ከወዲያኛው በኩል ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ።

«ሰባ ዘጠኝ» አለ ሰውየው። «ዌንደል፣ ከአንተ ይህን ሰምቼ አላውቅም። ማነው የሚለካልህ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ማረጋገጥ የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

«ማን ለካ ነው ያልኩህ።»

«እሱን ተወው።»

ሊኔት ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። «እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ቀጠነ። «ሊኔት እባላለሁ፣ ልጁ ነኝ። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚወረውረው፤ ሰዓቱን አያይም። የነገረዎት እኔ ያልኩትን ነው።»

አባቷ እጁን አነሳ፤ ሊከለክላት ይመስል ነበር፣ ግን መልሶ ጉልበቱ ላይ አሳረፈው።

«እውነተኛው የት አለ?» አለ ሰውየው።

«ስልኬ ላይ። የስልሳ አንድ ቀን ነው።»

«ቆይ፣ ብዕር ልያዝ… እሺ፣ ልጄ። ካሻሽ ቦታ ጀምሪ።»

ሰባ አራት የገባባቸው ሦስት ቀናት ነበሩ። አውራ ጣቷ እነሱ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ አለፋቸውና እስከ መጀመሪያው ቀን ድረስ ወጣ።

«ሰባ ስድስት» ብላ ማንበብ ጀመረች።