ጥላው ሲያልፍ ቀና ያሉት

ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም። በዓይኔ ባላየው ኖሮ እኔም ስቄ አልፈው ነበር።

ግን ሆኗል... በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ በምንሠራበት፣ ሐይቅ ዳር ባለ የዓሣ ምርምር ጣቢያ ውስጥ።

ጣሪያው መስታወት ነው። ከሥሩ ሁለት ገንዳ አለ። በግራው ጤነኛ ዓሦች፣ በቀኙ ደግሞ ሆዳቸው ውስጥ ነጭ ትል ያለባቸው።

ትሉ ዓሣው ሆድ ውስጥ ያድጋል። ለመራባት ግን ወፍ ሆድ መግባት አለበት። ስለዚህ ዓሣው ወፍ መፍራት እንዲተው ያደርገዋል።

ይህን የምንፈትነው ከካርቶን በተቆረጠ ወፍ ነው። በእንጨት ሰክተን ከገንዳው በላይ እናሳልፈዋለን። ጥላው ሲያርፍባቸው ጤነኞቹ፣ እግር ባይኖራቸውም፣ እግሬ አውጪኝ ብለው ወደ ታች ይጠፋሉ።

ትል ያለባቸው ግን ወደ ላይ ይወጣሉ። ይጠብቃሉ...

የገንዳውን ውሃ የምናወጣው በጎማ ቱቦ ነው። ፓምፑ ስለተበላሸ ጎማውን በአፋችን እንስባለን። ክልክል ነው፤ ግን እናደርገዋለን። አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እኔ።

ይህ ከመሆኑ ከወር በፊት ወንድሜ አንድ ጉንጭ ሙሉ ውሃ ዋጠ።

«ዛሬ ምሳ ይቅርብኝ፣ ጠግቤያለሁ» ብሎ አሳቀኝ።

ወንድሜ ጥላውን የሚፈራ ሰው ነበር። በሠላሳ ዓመቱ መንገድ ሲሻገር እጄን ይይዛል።

ከዚያ በኋላ ግን ግራ ቀኝ ሳያይ መሻገር ጀመረ። መኪና ሲያንባርቅበት አይደነግጥም። ቤት ሲገባ ወንበሩን ፀሐይ ወዳለበት እየጎተተ ይቀመጣል።

እናታችን «ልጄ ደፈረልኝ» ብላ ደስ አላት። እኔ ግን መንገድ ስንሻገር እጁን መያዝ ጀመርኩ።

የዚያን ቀን ጀርባውን ሰጥቶኝ ይጽፋል። የካርቶኑን ወፍ አነሳሁ። ለቀልድ ነው... ጥላውን በራሱ ላይ አሳለፍኩት።

አልዞረም።

ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ላይ አቀና። ዓይኑን ጨፈነ። አንገቱን ሰጠ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እንጃ...» አለኝ በሹክሹክታ። «ደስ ይላል። ድገሚው።»

በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ሐኪም ጋ ደውዬ ያየሁትን ነገርኩት። «አሥር ደቂቃ ብቻ። በሩን እንዳትከፍቺ» አለኝ።

«እትዬ... ክፈቺልኝ።»

«አልከፍትም።»

«ውጪ እኮ ይሞቃል...»

ድንገት ክፍሉ ጨለም አለ። በመስታወቱ ላይ አንድ ጥላ ቀስ እያለ ያልፋል። ደመና ነው አልኩ... ደመና ግን ክንፍ የለውም።

የግራ ገንዳው ውሃ ተናወጠ። ዓሦቹ በሙሉ ታች ገቡ።

የቀኙ ዓሦች ወደ ላይ ወጡ።

ወንድሜ ቀና አለ።

«ተደበቅ!» ልለው አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም። ጠረጴዛው ሥር ልገባ ፈለግሁ፣ እግሬ እንቢ አለኝ።

ከዚያ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ። ቀጭ...

ማን እንደከፈተው ለማየት ዞርኩ። የኔ እጅ ነበር።

ሐኪሙ ሲደርስ በባዶ እግሬ የጀልባ መቆሚያው ጫፍ ላይ ቆሜ አገኘኝ። ጫማዬ አጠገቤ ነው። ከጎኑ የወንድሜ ጫማ፣ ደረቅ እንደሆነ፣ ተስተካክሎ ተቀምጧል።

ሐይቁን ሁለት ሳምንት ፈለጉት። የለም። እናታችንን ልጇን ያሳጣኋት እኔ ነኝ። ይህን ከማንም አልደብቅም።

አሁን ቤት ነኝ። እማዬ የክፍሌን መስኮት በብርድ ልብስ ሸፍናዋለች። በሩን ቆልፋ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አጠገቤ ትውላለች።

«አንቺን ደግሞ አልሰጥም» ትላለች።

ፈርጄባት አላውቅም። እንዳትከፍትልኝም አስምያታለሁ።

ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በብርድ ልብሱ ላይ ጥላ አለፈ።

እማዬ ጮኻ አልጋው ሥር ገባች። ስትገባ የቁልፉ ክር ተበጠሰ።

«ልጄ... ነይ ግቢ... ቶሎ!» ትለኛለች በሹክሹክታ፣ እግሬን እየጎተተች።

እሰማታለሁ። ግን ከወዲያ በኩል ይሞቃል...

ይህን የምጽፈው በአንድ እጄ ነው። በሌላው ቁልፉን ይዣለሁ። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም።