የባላምባራስ ወዬሳ መስክ

ጥቅምት ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት። ክረምቱ ከወጣ ወር አልፎታል፤ በኮልፌ የባላምባራስ ወዬሳ ዳባ መስክ ሣሩ ጉልበት ደርሷል፤ ስድስት በሬዎቻቸውም ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያዩታል። መግባት ክልክል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ ግሪካዊ ነጋዴ ከጅቡቲ በአውሮፕላን ሸቀጥ ሊያወርድበት አስቦ መስኩን ተከራየ፤ ከፈረንሳይ ግዛት የሚመጣ አውሮፕላን ጣልያኖቹ ዶጋና የሚሉት ጉምሩክ ሳይፈቅድ ማረፍ አይችልምና ማመልከቻ አስገባ። ጉምሩኩም «መልስ እስክሰጥ ከብት አይግባ፤ ሣር አይታጨድ» ብሎ በአራቱ ማዕዘን ኖራ የተቀባ ድንጋይ ተከለ። ይህ በሰኔ ነው። ነጋዴው በሐምሌ ጅቡቲ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ ማመልከቻው ግን አልሄደም።

ባላምባራስ በወሰን ሙግት ስንቱን ረትተው የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ግን የሚሟገቱት ሰው አጡ። ለሰባተኛ ጊዜ ጉምሩክ ሲሄዱ፣ ምጽዋ ሲነግድ ጣልያንኛ የለመደው ጎረቤታቸው ከሊፋ እንደ ወትሮው አስተርጓሚ ሆኖ ተከተላቸው።

«ከልክሉኝ በላቸው» አሉት። «ፈቃድ አልጠየቅሁም። 'አይሆንም' ብለው ይጻፉልኝና ሣሬን ልጨድ። ደርቆ ከረገፈ በሬዎቼ በጋውን ምን ሊበሉ ነው?»

ከሊፋ ተረጎመ፤ የጉምሩኩ ጸሐፊም ብዙ ተናገረ።

«ምን አለ?»

«ለመከልከልም መመርመር አለብን ይላል። ለመመርመር ደግሞ አውሮፕላን አርፎ ጭነቱ ሲወርድ ማየት አለባቸው።»

«ታዲያ ይረፋ።»

«ሳይፈቀድ ማረፍ አይችልም።»

ባላምባራስ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው ደፉት። «ይኼን ሁሉ ሲናገር አልሳቀም?»

«አልሳቀም፣ ባላምባራስ።»

ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው ወይዘሮ ደሜ ፊታቸውን አይተው ነገሩን ዐወቁት። «በሬዎቹ ከጅቡቲ የመጡ ቢሆኑ ኖሮ እስካሁን አንድ ነገር ይባሉ ነበር» አሉ።

በኅዳር መጀመሪያ የጉምሩኩ ሹም ራሱ ሊያይ ይመጣል የሚል ወሬ መጣ። ባላምባራስም መንደሩን ጠርተው በግማሽ ቀን ከመስኩ ዳር ዳስ አስጣሉ፤ በርጩማ አስቀመጡ፤ ጠጅ አቀረቡ።

ከሊፋ ደስ አላለውም። «ሰውየው ሊመረምር እንጂ ሊጋበዝ አይመጣም።»

«ሹምን ፀሐይ ላይ ገትሬ ነው 'እምቢ በለኝ' ብዬ የምለምነው? አባቴ እንዲህ አድርጎ አላሳደገኝም።»

ሹሙ መጣ፤ ጠጁን አልቀመሰም። ዳሱን ዞረው፤ ወርዱን በእርምጃ ለካ፤ ምሰሶውን ነቅነቅ አደረገ፤ ከዚያ ፈገግ ብሎ የባላምባራስን እጅ ጨበጠ።

«ምን አለ?»

ከሊፋ መሬት መሬት እያየ መለሰ። «የጎደለው የዕቃ መፈተሻ ቤት ብቻ ነበር ይላል። እርስዎ አስቀድመው ስለሠሩት ያመሰግንዎታል። ተፈቅዷል።»

«የእንግዳ ዳስ ነው በለዋ።»

«ብዬዋለሁ። ፈታሹም እንግዳ ነው ይላል።»

«አውሮፕላኑስ? ሲያርፍ ሳያይ?»

«እሱ የጸሐፊው ነገር ነው፤ እኔን አይመለከተኝም አለ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ መስኩ የጉምሩክ ግቢ ሆነ፤ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ቆመበት። ሣሩ ቆሞ ደረቀ፤ ቆሞ ረገፈ። በየካቲት ሁለት በሬዎች ሞቱ፤ የቀሩትን ሰበታ ላሉት አማቾቻቸው ሰደዷቸው፤ ባላምባራስም በዚያ ዓመት እርሻቸውን በሰው በሬ አሳረሱ፤ ይህን ግን ለማንም ሲያነሡ አልተሰሙም። ጣልያን በ፲፱፻፴፫ ሲወጣ፣ በመስኩ ላይ አንድም አውሮፕላን አላረፈም ነበር።

ታሪክ ከዚህ ሁሉ ያስቀረው አንዲት ገጽ ናት፤ ሹሙ ያን ዕለት የጻፋት። የሞገተውም የለመነውም ሰው ስም የለባትም። «ሜዳው ለማረፊያ ተስማሚ ነው፤ ከብት አይታይበትም» ትላለች። ሹሙ አልዋሸም፤ ያየውን ነው የጻፈው።