ከሙታን የተቆጠረው አምስተኛ ስም

በ፲፱፻፸ ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት በገባ በስምንተኛው ቀን፣ የጎንደር ሰማይ በበጋ አቧራ ጠይሞ ነበር፤ የቀሃ ወንዝም መንምኖ በድንጋዮቹ መካከል ይሽሎከለክላል፤ በላዩ ላይ ግን ከውሃው የበዛ ወረቀት ይፈስስ ነበር። በዚያ ሰሞን የከተማው ሰው ከጥይት እኩል ወረቀትን ይፈራ ነበርና፤ ቢያቃጥሉት ሽታው ያጋልጣል፤ ቢቀብሩት የተማሰው አፈር ያሳብቃል፤ ስለዚህ ከፊሉ መጽሐፉን ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ ከፊሉ ወደ ወንዝ ወረወረው። ማለዳ ላይ ከፒያሳ የተነሣች ድምፅ ማጉያ የተሸከመች ማኪና የጅጅጋን መመለስ የምሥራች ካሰማች በኋላ፣ በዚያው ድምፅ አሰሳ መጀመሩንና ማንም ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ አወጀች።

የታሪክ መምህሩ ገብረ ኪዳን ይህን ሲሰማ በአባቱ ቤት መስኮት አጠገብ ቆሞ ነበር። ዕድሜው ሠላሳ አራት ነው፤ ሚስት አላገባም፤ ሀብቱ ጠርዙ የተበላ አንድ ደብተር ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚህ ደብተር ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ዓለምን ስላቀኑና ስላጠፉ ሰዎች ያሰበውን ጽፏል፤ ስለ ናፖሊዮን የሞስኮ ክረምት፣ ያየውን አላየሁም ብሎ ስለማለ ስለ ጋሊሌዮ፣ የሰው አንገት ሲያስቆርጥ ኖሮ በዚያው ስለት ስለተቆረጠው ስለ ሮቤስፒዬር። ገብረ ኪዳን በጠባዩ ፈሪ ነው፤ ስለ ጀግኖች የሚጽፍ ፈሪ ደግሞ በጽሑፉ ይኮራል።

ያስፈራው ግን የመጨረሻው ገጽ ነበር። ባለፈው ዓመት አምስት ተማሪዎች መርጦ፣ እያንዳንዳቸው ስለ አንድ ታላቅ ሰው አጥንተው በክፍል ፊት እንዲናገሩ ደልድሎ ነበር፤ በገጹ ግራ የታላላቆቹ፣ በቀኝ የልጆቹ ስም ተጽፏል። የመጀመሪያው መስመር «ጋሊሌዮ፦ ሕሊና» ይላል፤ ሕሊና ከአምስቱ ተማሪዎች አንዷ ናት። የኅቡዕ ድርጅት አባላት በተውሶ ስም እንደሚጠራሩ በዚያ ዘመን ሕፃን እንኳ ያውቅ ነበር፤ ይህን ገጽ ያየ ካድሬ ምን እንደሚያስብ መገመት ነቢይ መሆንን አይጠይቅም። ይባስ ብሎ የልጆቹ ስም የተጻፈው በቀይ ቀለም ነበር።

ቀዩን ያስተማሩት አባቱ ናቸው። ቄስ ሐብተ ማርያም ለደብራቸው ቀዳሽ፣ ለሀገሬው ብራና ጸሐፊ ነበሩ፤ በእርሳቸው ወግ የአምላክ፣ የእመቤታችን፣ የቅዱሳንና መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም በቀይ እንጂ በጥቁር አይጻፍም፤ ገብረ ኪዳንም ይህን በልጅነቱ ስለለመደ፣ የሚወደውን ሰው ስም በጥቁር መጻፍ አይሆንለትም ነበር።

ደብተሩን እንዳለ ጉድጓድ ቢጨምረው ይህ ሁሉ ባልመጣ፤ ግን ስድስት ዓመቱን መጣል አልቻለም። ገጹን እንዳይቀድደው ደግሞ፣ በቀደመው ሳምንት አንድ ጎረቤታቸው ከደብተሩ ቅጠል ጎድሎ ስለተገኘ ብቻ ተወስዶ አልተመለሰም። ስለዚህ የጸሐፊ ልጅ ብቻ የሚያስበውን አሰበ፤ የአባቱን መፋቂያ ቢላ አንሥቶ አምስቱን ስሞች ይፍቅ ጀመር።

አባቱ ከጓዳ ወጡ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ስም እየፋቅሁ ነው፣ አባ።»

ሽማግሌው ደብተሩን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አነሡት፤ በገጹ ላይ በአምስት ቀዳዳ ብርሃን ገባ።

«ምነው ልጄ! ምነው! ብራና መሰለህ? ብራና ቆዳ ነው፤ ሲፍቁት ከሥሩ ንጹሕ ይወጣል። ወረቀት ከሥሩ ምን አለውና ነው?»

በዚያው ቅጽበት በሩ ተደበደበ።

የአሰሳው መሪ ጓድ አለኸኝ ይባላል፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በትክል ድንጋይ ገበያ ጨው ይቸረችር የነበረ፣ አሁን ግን በአፉ ቃል ሰው በሕይወት የሚያድርበትና የማያድርበት ሰው ነው። አይጮህም፤ አይሳደብም፤ ሰውን የሚያስፈራው ይኸው ነበር። ጠመንጃ የያዙት ሦስቱ ቤቱን ሲያገላብጡ እርሱ ደብተሩን ቅጠል በቅጠል ገለጠ፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ጣቱን በአንዱ ቀዳዳ አሾልኮ ለገብረ ኪዳን አሳየው።

«ጓድ መምህር፣ ከእኛ ጋር ትመጣለህ» አለው።

በጽሕፈት ቤቱ ያስቀመጡት በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ከግድግዳው ባሻገር የሚያቃስት ሰው አለ፤ ማንም የሰማው አይመስልም። 

«ይህ ጋሊሌዮ የምትሉት የት ነው የሚያድረው?» ሲል አለኸኝ ጠየቀ።

«ሞቷል።»

«መቼ?»

«ከሦስት መቶ ሠላሳ ዓመት በፊት። የጣሊያን ሰው ነው፤ የከዋክብት ተመራማሪ ነበር።»

«ናፖሊዮንስ?»

«እርሱም ሞቷል።»

አለኸኝ ፈገግ አለ። «ያንተ ሰው ሁሉ ሙት ነው። እሺ፤ እነርሱን እንተዋቸው። ከጎናቸው የፋቅኸው ማንን ነው? አምስት ቀዳዳ አለ፤ አምስት ስም ትሰጠኛለህ። እምቢ ብትልም አልቆጣም፤ ከክፍልህ ስም መጥሪያ ላይ ደስ ያሉኝን አምስት እመርጣለሁ።»

ዝምታም ሰው የሚገድልበት ጊዜ አለ፤ ገብረ ኪዳን በዚያች ወንበር ላይ ይህን ተረዳ። ሕሊና በፊቱ ታየችው፤ ሌሎቹም አራቱ። የሙታን ነገር ሲነሣ ግን አንድ ሐሳብ መጣለት፤ የሞተ ሰው ሁለተኛ አይሞትም። በታኅሣሥና በጥር ሬሳቸው በአስፋልት ላይ የተጣለ አራት ተማሪዎች ነበሩት፤ የአራቱን ስም ከነአባታቸው ተናገረ። አለኸኝ በፊቱ ያለውን መዝገብ ገልጦ እያንዳንዱን በጣቱ ፈለገ፤ አገኘም።

«አራት። አምስተኛውስ?»

አምስተኛ ሙት አልነበረውም። ከግድግዳው ወዲያ የሚያቃስተው ሰው በድንገት ዝም አለ። ያን ጊዜ በኅዳር ወር የተቀመጠው ለቅሶ ትዝ አለው፤ እፎይ አለ።

«ወንዴ። የወይዘሮ ደብሪቱ ልጅ። ሰሊጥ አጨዳ ሳንጃ ወርዶ በወባ ሞተ፤ ለቅሶው ላይ ነበርሁ።»

አለኸኝ መዝገቡን ዘጋ። «አራቱን የገደልናቸው እኛ ነን፤ እናውቃቸዋለን። አምስተኛውን ወባ ገደለው ትለኛለህ። ጥሩ ነው። ሂድ፤ ነገ አስተምር።»

ገብረ ኪዳን ወደ ውጭ ሲወጣ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ አሰሳው ወደ ሌላው ሰፈር አልፎ፣ ሰው በፒያሳ ግድግዳ ግድግዳውን ይሄድ ጀምሯል። በቦኖው ውሃ አጠገብ ሕሊናን እንስራዋን አስቀምጣ ተራ ስትጠብቅ አገኛት።

«መምህር፣ ደኅና ዋሉ? ምነው ፊትዎ እንዲህ ሆነ?»

«ሸጋ ነኝ ልጄ፤ ሸጋ ነኝ» አላት፤ ዐይኑም እንባ አቀረረ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀግና የሆነ መሰለው፤ ይህን ደስታ ኋላ ሲያስታውሰው በኀፍረት ይቃጠል ነበር።

ቤት ሲደርስ አባቱ በደጁ ቆመው ይጸልዩ ነበር። በአንድ ትንፋሽ ነገራቸው፤ የልጆቹ ስም እንዳልወጣ፣ ሙታንን ብቻ እንደሰጠ። የአራቱን ስም ሲጠራ ሽማግሌው «ነፍሳቸውን ይማር» እያሉ ሰሙ፤ አምስተኛውን ሲጠራ ግን በያዙት መቋሚያ ተደገፉ።

«ወንዴ አልክ?»

«አዎ፣ እርስዎ ፍትሐት ያደረሱለት።»

«ሬሳ በሌለበት ነው ያደረስሁት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ልጁ ሕያው ነው። ጓደኞቹ ሲለቀሙ እናቱ ፈርታ ጭልጋ እኅቷ ዘንድ ሰደደችው፤ ሞተ ብላም አስለቀሰች። የሚያውቅ ከእርሷና ከእኔ በቀር የለም።»

«ምነው ሳይነግሩኝ! አባ፣ ምነው!»

«የንስሐ ልጄ ናት፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝሁት።» ሽማግሌው መስቀላቸውን ከመጎናጸፊያቸው ውስጥ አወጡ። «እንግዲህ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እኔ ልሂድና ልንገራት፤ ቄስን ቢያዩ ለቅሶ ቤት ይሄዳል ይላሉ።»

ገብረ ኪዳን አብሬዎ ልሂድ አላለም። ሊል ፈልጎ ነበር፤ እግሩ ግን ከደጁ ደፍ አልነቀልም አለው።

ቄስ ሐብተ ማርያም ሲደርሱ ማኪናዋ በወይዘሮ ደብሪቱ ደጅ ቆማለች። ሴትዮዋን ነጠላዋን ሳታጣፋ በሁለት ጠመንጃ መካከል ያወጧታል፤ ጎረቤት ሁሉ በሩን ዘግቷል። ካህኑን ባየች ጊዜ ቆመች። ምሥጢሯን የሚያውቅ በምድር ላይ እርሳቸው ብቻ ነበሩና፣ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች።

«ምነው አባ?»

እርሳቸውም መልስ ነበራቸው፤ መልሱ ግን የልጃቸው ስም ነበር። አንገታቸውን ደፉ፤ እርሷም ያንን አንገት እንደ ኑዛዜ ቈጠረችው።

ወይዘሮ ደብሪቱ የልጇን መቃብር አሳዪ ብትባል ስላልቻለች ዐሥራ አንድ ቀን ታሰረች፤ ተገረፈችም፤ የልጇን አድራሻ ግን አልተናገረችም። ወሬው ጭልጋ በደረሰ ጊዜ ወንዴ አክስቱ እግሩ ላይ ወድቃ እየለመነችው፣ ከገበያተኛ ጋር ተቀላቅሎ በእግሩ ጎንደር ገባ፤ በጽሕፈት ቤቱም በር ላይ ቆሞ «እናቴን ልቀቋት፤ እኔ አለሁ» አለ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እናቱን በማግሥቱ ለቀቋት፤ እርሱን በዚያው ማለዳ ገደሉት፤ እንዳታለቅስም አስጠነቀቋት። ጎረቤቶቿም ሊያጽናኗት አልመጡም፤ ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ፣ ለወንዴ አንድ ጊዜ ተለቅሶለታል ለማለትም ይመቻቸው ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ወይዘሮ ደብሪቱ የንስሐ አባት ለወጠች፤ የሰፈሩም ሰው የቄስ ሐብተ ማርያምን መስቀል መሳለም ተወ። እርሳቸው አንድ ቃል አልመለሱም፤ ከአራት ዓመት በኋላ ባረፉ ጊዜ ቀባሪያቸው ጥቂት ነበር። ገብረ ኪዳን በየዓመቱ እናገራለሁ ይላል፤ በየዓመቱም ይፈራል።

መንግሥት ተለወጠ፤ ካድሬው የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። በ፲፱፻፹፭ ዓመተ ምሕረት፣ በዚያ ዘመን ስለሞቱት ሰዎች ምስክርነት የሚሰበስቡ ሰዎች ወደ ጎንደር መጡ፤ ወይዘሮ ደብሪቱም ፊደል አልቈጠሩምና፣ አርጅተው በምርኩዝ እየተደገፉ ወደ ገብረ ኪዳን ቤት መጡ።

«አንተ ጻፍልኝ ልጄ፤ አስተማሪው ነበርህ፤ ትወደው ነበር።»

እርሱም ወረቀት አወጣ፤ የልጁን ስም፣ ዕድሜውን፣ የመጣበትን መንገድና የሞተበትን ማለዳ እንደነገሩት ጻፈ። በመጨረሻ ሴትዮዋ እጃቸውን በክንዱ ላይ አሳረፉ።

«ማን እንደጠቆመው ይጠይቃሉ አሉኝ። አባትህ ነውና እንዳትቀየመኝ። ይቅር ብያቸዋለሁ፤ ግን ደም ነው፤ ሳልናገር ብሞት ልጄ ይጠይቀኛል።»

በክፍሉ ውስጥ ጠመንጃ የያዘ ሰው አልነበረም፤ ከግድግዳው ባሻገርም የሚያቃስት አልነበረም። ዐሥራ አምስት ዓመት የጠበቀው ደቂቃ ይኸው መጥቶ በፊቱ ተቀምጧል፤ እውነቱን ለመናገር የሚያስፈልገው ሦስት ቃል ብቻ ነበር። ገብረ ኪዳን ቀና ብሎ አያቸው፤ አፉንም ከፈተ፤ እጁ ግን ከአፉ ቀደመ።

ያ ወረቀት ከብዙ ሺህ መሰሎቹ ጋር ታስሮ ተቀምጧል። ስለዚያ ዘመን ሊጽፍ የሚነሣ ሊቅ አንድ ቀን ያገኘዋል፤ ባማረ የእጅ ጽሕፈት የተጻፈ፣ የእናት ጣት አሻራ ያለበት፣ የሚያጠራጥር ነገር የሌለው ምስክርነት ነው፤ ስለዚህ ያምነዋል፤ ማመኑም አያስነቅፈውም። በወረቀቱ ግርጌ፣ ጠቋሚው ማን እንደሆነ በሚጠይቀው መስመር ላይ፣ «ቄስ ሐብተ ማርያም» ይላል፤ የጸሐፊው ስም ግን አልተጻፈም።