ምርኩዝ ያጠለቀ እጅ

በሐይቁ ላይ በተንሳፈፈችው ከተማ፣ ሙዚቀኞች ወደ መድረክ ከመውጣታቸው በፊት ምርኩዛቸውን ለብ ባለ ውሃ ነክረው ያጠልቁታል። ምርኩዝ የሚሉት እስከ ትከሻ የሚደርስ ስስ ጓንት ነው። የባለቤቱን የአጨዋወት ልማድ አጥንቶ፣ እጅ ሲደክም ያግዛል። ይፍቱሥራም የራሷን አጠለቀችና ደብል ባሷን፣ ከቁመቷ የሚበልጠውን ባለ ወፍራም ድምፅ መሣሪያ፣ ትከሻዋ ላይ አስደገፈች።

ዕድሜዋን የፈጀችው ከእሱ ጋር ነው። በልጅነቷ “ይሄን ቁምሳጥን ተሸክማ የት ልትደርስ ነው” እያሉ ያሾፉባት ሁሉ፣ የባሶቹ መሪ ስትሆን ቆመው አጨብጭበውላታል። ከዚያ ቁርጥማት መጣ። ወንበሯን ላለማጣት ምርኩዙን ያጠለቀች ዕለት፣ አንድ ቀን እጄ የእኔ መሆኑ ቢቀርስ ብላ ፈርታ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ኮንሰርት በሚቀርብበት በዚህ ቀን ልምምድ ላይ ሳል አፈናትና ደጋኑን ልታወርድ ፈለገች። እጇ እምቢ አላት። እሷ እያሳለች፣ እንባዋ እየወረደ፣ እጇ አንድም ኖታ ሳይስት ዜማውን ጨረሰ።

እየሮጠች ወደ ምርኩዝ ጠጋኙ ወደ ዳምጠው ሄደች። ዳምጠው ደጋግሞ መረመረው።

“ብልሽት የለበትም፣ እትዬ ይፍቱ። እርስዎ መሃል ላይ አቋርጠው ስለማያውቁ፣ ማቋረጥን አልተማረም።”

“እሺ፣ ዛሬ ማቆም የፈለግሁት እኔ ማን ነኝ?”

አንዴ ቆዳ ላይ የተጣበቀን ምርኩዝ አላልቶ ለማውለቅ አንድ ቀን ይፈጃል፤ ኮንሰርቱ ደግሞ ሊጀመር ነው።

ባስ ተጫዋቾች የቆየ ወግ አላቸው። ከኋላ ስለሚቀመጡ የኦርኬስትራውን መሪ በትር ብዙም አያምኑም፤ ወደ ዜማው የሚገቡት የራሳቸው መሪ ትንፋሽ ስትስብ ሰምተው ነው። ይፍቱሥራ እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆረጠች። ባሶቹ በሚገቡበት ዋና ቦታ ላይ ትንፋሿን ትይዛለች። ሦስቱ ጓደኞቿ ምልክቱን አጥተው ካመነቱ፣ በምርኩዙ የተያዘችው እሷ ብቻ ናት ማለት ነው፤ ይህም ያጽናናታል።

ቦታው ደረሰ። ትንፋሿን ያዘች።

አራቱም ባሶች እኩል ገቡ። ድምፁ ከወለሉ ተነስቶ እግሯን ነዘረው። ለዓመታት አንድ የኖታ ማስቀመጫ ወደተጋራችው ወደ አቶ ገዛኸኝ ዞረች። ጉንጩ ተነፍቷል፣ ፊቱ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ፈጧል። እሱም እንደ እሷ እጁን ሊፈትን ትንፋሹን ይዟል። ዞር ብላ ከኋላ ያሉትን ሁለቱን አየች፤ እነሱም እንዲሁ።

ለካ እያንዳንዳቸው ወንበራቸውን እንዳያጡ ለየብቻቸው ሲፈሩ፣ እጃቸው አልታዘዝ ማለቱን ለየብቻቸው ሲደብቁ ኖረዋል።

አቶ ገዛኸኝ አየሩን በረጅሙ ለቀቀና ወደ እሷ ጠጋ አለ።

“ይፍቱ፣ አንቺም?” አላት በሹክሹክታ።

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እጁን ልትይዘው ፈለገች፤ ግን የሁለቱም እጆች ሥራ ላይ ነበሩ።