የአስናቀ ወንበር

አዳማ ላይ ከቀለም መሸጫ ሱቁ እስከ ኮንዶሚኒየሙ ድረስ ያለው መንገድ በእግር እንኳ ሩቅ አልነበረምና፣ አስናቀ ካገባ ጀምሮ ምሳውን የሚበላው እቤቱ ነበር፤ ሚስቱ ምንትዋብ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሳታጎርሰው እህል አይቀምስም። አንድ ቀን ታዲያ ከፎቁ ጎረቤት ጋር ደረጃው ላይ ስትሳሳቅ አያትና ቅናት አንጀቱ ውስጥ ገባ። በሳሎኑ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ ትንሽ ካሜራ ደበቀ። «ሥራ በዝቶብኛል፣ ለምሳ አትጠብቂኝ» አላትና፣ ቲነር በሚሸት ሱቁ ውስጥ በቀለም ቆርቆሮዎች መሀል ተወሽቆ በስልኩ ቤቱን ሲሰልል ይውል ጀመር። ካሜራው በሩን፣ ጠረጴዛውንና የእሷን ወንበር ያሳያል። የራሱን ወንበር ግን ከእይታው ውጭ ተወው፤ ባዶ ወንበር ምን ሊያደርግለት!

መጀመሪያ ሰሞን ብቻዋን ነበር የምትበላው። አንዳንዴ ወደ ባዶው ወንበር አየት ታደርግና በረጅሙ ትተነፍሳለች። ሌላ ሰው ቢሆን አንጀቱ ይላወስ ነበር፤ አስናቀ ግን «ማንን ናፍቃ ነው?» እያለ ይበግናል።

ከዚያ ውሃ በሁለት ብርጭቆ መቅዳት ጀመረች። ቀጥሎ ሳቀች፤ እሱ ከሰማው የቆየ የድሮ ሳቋን። በሩ እንዳልተከፈተ ደግሞ በዓይኑ አይቷል። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ የወንበር ሲጥሲጥታ፣ የማላመጥ ድምፅ፣ አጭር የወንድ ሳል ሰማ። የሚያውቀው ሰው ሳል ነው፤ የማን እንደሆነ ግን አልመጣልህ አለው።

ዛሬ ደግሞ ጠቅልላ «በሞቴ» አለችና እጇን ወደማይታየው ወንበር ዘረጋች። እጇ ባዶውን ተመለሰ።

የእሱን ጉርሻ! የአስናቀ ደም ፈላ። ሱቁን ለጎረቤት ባለሱቅ አደራ ብሎ ባጃጅ ውስጥ ዘሎ ገባ፤ መንገዱን ሙሉ ዓይኑን ከስልኩ አልነቀለም፣ ከቤቱም የወጣ ሰው አላየም።

በሩን በርግዶ ሲገባ ሳሎኑ ጭጭ ብሏል። የወጥ ሽታ፣ የሰዓቱ ቀጭ ቀጭታ፣ ሁለት ብርጭቆ። የራሱን ወንበር በመዳፉ ዳሰሰው፤ ይሞቃል።

«ሰውየው የታለ? ምንትዋብ፣ የታለ ነው የምልሽ!»

እሷ አልደነገጠችም። ከፊቱ ወደ ሰዓቱ፣ ከሰዓቱ ወደ ፊቱ እያፈራረቀች አየችው፤ ቤት ተሳስቶ የገባ እንግዳ የምትመረምር ትመስላለች። ይኼኔ ከመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ሲወርድ ተሰማና ቆመ፤ ቀጥሎም ያ አጭር ሳል መጣ። አሁን አስናቀ ሳሉን አወቀው። የራሱ ነበር።

«ምንትዬ፣ ማን ነው የመጣው?» አለ ከውስጥ ያ ድምፅ፣ አስናቀ ብቻ በሚጠራት ስም።

ምንትዋብ ዓይኗን ከአስናቀ ላይ ሳትነቅል፣ ቀስ ብላ፣ «ማንም አይደለም የኔ ጌታ፤ ያ ከሰዓቱ ውስጥ ሲያየን የነበረው ሰውዬ ነው» አለች።